የገሊላ ጾም

እኅቴ ገሊላ ኮሌጅ የገባችው በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። እኔ ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባታችን የረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ያን ሳምንት ቴክሳስ ነበር፤ ያደረስናት እናቴና እኔ ነን። ከምንኖርባት ከሊልበርን ተነሥተን መሐል አትላንታ እስክንደርስ፣ ከኋላ ወንበር በትራስና በብርድ ልብስ መካከል ተወትፌ፣ የቆሎ ከረጢት አቅፌ ሄድሁ። እናቴ የቆላችው ማለዳ ስለነበር ከረጢቱ ገና ይሞቃል።

‹‹ፈራሽ እንዴ?›› አለቻት እናቴ እየነዳች።

‹‹ኖ›› አለች ገሊላ። ጥቂት ማይል ካለፍን በኋላ ደግሞ፣ ‹‹አይ ሚን፣ ትንሽ›› አለች።

የመኝታ ክፍሏ አዲስ ቀለምና አዲስ ምንጣፍ ይሸታል። አብራት የምታድረው ልጅ ቀድማ መጥታ በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ይዛለች። የልጅቱ እናት ከፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብስኩት አውጥታ ዘረጋችልን። እጄን ስሰድ እናቴ ከጀርባዬ ቆነጠጠችኝ፤ ብስኩቱ ቅቤ አለበት።

ጥቂት ቆይቶ አራት ሴት ልጆች በሩ ላይ ቆሙ። የመጡት አብራት የምታድረውን ልጅ ሊጠሩ ነው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ጠጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረችው፣ ገሊላን አየቻትና ምሳ ልንበላ ነው፣ አብረሽን ነይ አለቻት። ገሊላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። እናቴ ግን ቀጥ ብላ ቆመችና ፈገግ አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠች፣ ‹‹እሷ ጾም ላይ ናት። አትበላም›› አለቻቸው።

ልጆቹ ‹‹ዋው›› አሉ። አብራት የምታድረውም ተከትላቸው ወጣች፤ ሳቃቸው በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ። ገሊላ ያገኘችውን አንዱን ጫማ መልሳ አስቀመጠችና አንሶላ ማንጠፍ ያዘች። አንዱን ጫፍ ስትወጥር ሌላው ይወልቃል። እኔ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ እኅቴ ገና በመጀመሪያ ቀኗ አሜሪካኖቹን በጾም አስደነቀቻቸው ብዬ።

ያ ግብዣ ሁለተኛ እንዳልመጣ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ገሊላ ከዚያ በፊት ብቻዋን ጾማ አታውቅም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሰዎች ልጅ፣ ሀፍሳ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። በነዚያ ዓመታት ረመዳን ነሐሴ ላይ ይውል ስለነበር ከፍልሰታ ጋር ይገጣጠማል፤ እዚህ አገር ደግሞ ትምህርት የሚጀመረው በነሐሴ ነው። ሌላው ተማሪ ምሳ ሲበላ ሁለቱ ላይብረሪ ገብተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። ቤት መጥተው የማን ሆድ እንደጮኸና የላይብረሪ ጠባቂዋ ማንን እንደተቆጣች እየተቀባበሉ ሲያወሩ የምሰማቸው እኔ ነበርሁ። ጾም ማለት የሁለት ሰው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ሀፍሳ አጎቷ ዘንድ ሆና ለመማር ሚኒሶታ ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር። መስከረም ላይ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ጥቅምት ሲገባ ገሊላ ስልኩን አየት አድርጋ በፊቱ ትደፋው ጀመር።

ፍልሰታ ሲፈታ እናቴ ደውላ በምን ፈሰክሽ አለቻት። ገሊላ ገና አልፈሰክሁም አለች፤ ጳጉሜን ቅርብ ስለሆነ ላያይዘው ብዬ ነው አለች። ጳጉሜን ሲያልፍ ደግሞ የጽጌን ጾም እንደምትጾም ነገረችን። የጽጌ ጾም ግዴታ አይደለም፤ የፈለገ ነው የሚጾመው፤ ያውም ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። እናቴ ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤቱ መካከል ቆመች። ‹‹ይቺ ልጅ ከየት መጣች?›› አለች ለራሷ፤ ፊቷ በርቶ ነበር። ለአባቴ ደወለችለት። ለሥራ ባልደረባዋ ደወለች። አዲስ አበባ ላለችው አክስቴም ደወለች።

ዓርብ ዓርብ እናቴ ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ስትወጣ ሄዳ ታመጣታለች፤ እሑድ ማታ ትመልሳታለች። ገሊላ ቤት እንደገባች ከነጃኬቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሽሮ ትበላለች። አንድ ሳሕን፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ልትመለስ ስትል ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ አንዳንዴም በሶ ትይዛለች። ሱሪዋ በቀበቶ ተሰብስቦ ወገቧ ላይ እንደ መጋረጃ ይታጠፋል። ቅዳሴ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች፤ ሌሊቱን ስትጸልይ አድራ ነው እል ነበር።

ለዚህ ማስረጃ ነበረኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ታደገ ስለ ባሕታውያን ያስተምረን ነበር። ዓለምን ትተው፣ ጥሬ ቆርጥመው፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚኖሩ ሰዎች። ጣቴን እያጠፍሁ አመሳከርሁ። ጥሬ ይቆረጥማሉ፤ ገሊላ ቆሎ ትቆረጥማለች። ከሰው ይርቃሉ፤ ገሊላም። አንድ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ጉንፋን ይዞኝ፣ ደወልሁላት። በሹክሹክታ አነሣችው።

‹‹የት ነሽ?›› አልኋት።

‹‹ላይብረሪ።››

‹‹ከማን ጋር?››

‹‹ከማንም። ማለት፣ ሰው አለ፤ ግን አላውቃቸውም።››

‹‹ብቻሽን ስትሆኚ አይከብድሽም?››

‹‹ትለምደዋለህ ሕዝቄ›› አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ በደስታ ተገላበጥሁ። ባሕታዊም ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ታከር በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ምሳዬን የምበላው መኪናዬ ውስጥ ነው፤ የዕረፍት ክፍሉ ጫጫታ ነው፤ ከሰው ጋር ወሬ መጀመርም አልችልበትም። ገሊላ አሁን ማሪዬታ ትኖራለች፤ ነርስ ናት። እኩለ ቀን ላይ ትደውልልኛለች፤ ሁለት ነገር ትጠይቀኛለች። በላህ? ትለኛለች። ከማን ጋር? ትለኛለች። ለመጀመሪያው እውነቱን እመልሳለሁ።

ወደዚያ ጥቅምት ልመለስ። አንድ እሑድ ታደገ፣ ከእናንተ ውስጥ በዘመናችን ባሕታዊ አይቶ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው መልስ የሚፈልግ አልነበረም። እኔ በክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ የማላውቀው ልጅ እጄን አወጣሁ። እኅቴ ናት አልሁ። ከነሐሴ ጀምሮ ጾም ፈታ እንደማታውቅ፣ ከሰው ጋር እንደማትውል፣ ቆሎ ብቻ እንደምትበላ፣ ኮሌጁ ካፊቴሪያ እንኳ እግሯን እንደማታስገባ ተናገርሁ። የመጨረሻው ከራሴ የጨመርሁት ነበር። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ያን ያህል ዓይን ወድጄው የማውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ታደገ ማይክሮፎን ይዞ ቆመ። ልጆቻችን ኮሌጅ ሲገቡ ሃይማኖታቸውን ይረሳሉ እየተባለ ይወራል፤ እስቲ ዛሬ ከራሷ አፍ እንስማ ብሎ ገሊላን ጠራት። እሷ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ወደ መድረኩ እስክትደርስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

‹‹መጀመሪያ ሰሞን ይከብዳል›› አለች። ‹‹ሰው ሲበላ ታያላችሁ። ስለዚህ… ሰው ወደማይበላበት ቦታ መሄድ ነው። ሰዓቱ ያልፋል። ሰዓቱ ካለፈ ማንም የት ነበርሽ አይላችሁም።››

እዚያ ላይ ቆመች። ሕዝቡ ያለቀ መሰለው፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንዲት ባልቴት ተነሥተው ግንባሯን ሳሙት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ገሊላ ከመድረኩ ወርዳ እኔ የተቀመጥሁበት ስትደርስ ጎንበስ አለች።

‹‹የነገርካቸው አንተ ነህ?››

‹‹እኔ ነኝ›› አልሁ፣ ጎበዝ እስክትለኝ እየጠበቅሁ።

‹‹ጎበዝ›› አለችኝ። ራሴን ዳሰሰችኝ፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰው ገና እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ሳለ እትዬ አጸደ መጡ። እትዬ አጸደ የእናቴ የጥንት ጓደኛ ናቸው፤ ወፍራምና ቀልደኛ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን አልቀለዱም። እናቴን በክንዷ ይዘው ወደ ካፖርት መስቀያው ወሰዷት። ተከተልሁ፤ ሌላ ምስጋና እንዳያመልጠኝ ብዬ።

‹‹መዓዚ፣ ነገር አይሁንብሽ›› አሉ። ‹‹መስከረም ላይ እኮ እዚያው ኮሌጅ ሥራ ገባሁ። ካፊቴሪያው በር ላይ የተማሪውን ካርድ በማሽን ስዋይፕ የማደርገው እኔ ነኝ። የሚጾሙ ልጆች አሉ፤ የኛም አሉ፣ ሙስሊሞቹም አሉ። ገብተው ድንቹንም ሰላጣውንም ይበላሉ፤ ካልበሉም ከጓደኛ ጋር ይቀመጣሉ። ያንቺን ልጅ ግን አንድ ቀን አላየኋትም። አንድ ቀን፣ መዓዚ። ግቢው ውስጥ ሳገኛትም ሁልጊዜ ብቻዋን ናት።››

ከመሐላቸው ዘልዬ ገባሁ። ‹‹አየሽ እማዬ! እኔ ብዬ ነበር!›› አልሁ። የጨመርሁት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ አሳመሙኝ። ደስታ ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ፓርኪንግ ላይ መኪናው ውስጥ ገባን። እናቴ ቁልፉን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። መኪኖች በግራና በቀኝ እየወጡ አለቁ። ገሊላ ከኋላ በመስኮት ታያለች። መኪናው ተበላሽቶ ነው ብዬ፣ ባትሪው ነው ወይ ስል ጠየቅሁ።

‹‹አይደለም›› አለች እናቴ። ከዚያ በመስታወቱ ገሊላን አየቻትና፣ ‹‹ትምህርቱ እንዴት ነው?›› አለቻት።

‹‹ኢትስ ፋይን እማዬ።››

ያን ማታ ኮሌጁ በር ላይ ስናወርዳት እናቴ ወርዳ አቀፈቻት። ለረጅም ጊዜ አለቀቀቻትም።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመጣ እናቴ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ በስልክ ታወራለች። ከንስሓ አባታችን ከቄስ ኃይለማርያም ጋር ነበር፤ ‹‹አባ›› ስትል ሰማኋት። ማሽኑ ስለሚጮኽ ቁርጥራጩ ብቻ ነው የደረሰኝ። ‹‹እሷ መች ተናገረች፤ እኔ ነኝ የመለስሁላት… በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ…›› ከዚያ ማሽኑ ተሽከረከረ። ‹‹ከሥራ የሚለቁኝ ነገ ብቻ ነው አባ፤ ነገ ደግሞ ዓርብ ነው…›› ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ‹‹እሺ። እሺ አባ።›› ዓርብ ማታ የሚደረገው ጉባኤ ላይ ስለማትገኝ ፈቃድ የጠየቀች መሰለኝ። ስለ የትኛው በር እንደምታወራ ግን አልገባኝም፤ የቤታችን በር ደኅና ነበር።

በማግስቱ እኔም ትምህርት አልነበረኝም። ረፋዱ ላይ እናቴ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ተነሥ ገሊላ ጋ ልንሄድ ነው አለችኝ። ዓርብ ማታ ትመጣ የለም እንዴ ብላት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ገሊላ ከፎቋ በሩጫ ወረደች። ሰው የሞተ መስሏት ነበር። እናቴ ማንም አልሞተም፣ ምሳ ልንበላ ነው የመጣነው፤ ካፊቴሪያችሁን አሳዪን አለቻት። ገሊላ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። ክላስ አለብኝ አለች፤ ከዚያ ወረፋው ረጅም ነው አለች። እናቴ ‹‹ደኅና፣ እንሰለፋለን›› እያለች ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ሄደች።

በሩ ላይ እትዬ አጸደ ጥቁር ኮፍያ አድርገው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የገሊላን ካርድ ተቀበሉ። ለእኔና ለእናቴ ከራሳቸው ኪስ ሌላ ካርድ አውጥተው አሳለፉን።

ውስጡ እንደ አውሮፕላን ጣቢያ ሰፊ ነው። የድንች ጥብስና የተጠበሰ አይብ ሽታ፣ የሳሕን ኳኳታ፣ የመቶ ሰው ወሬ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ገሊላ መካከል ላይ ቆመች። ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች። ሁለት ወር ሙሉ እዚያ የኖረችው እኅቴ ሳሕን የት እንደሚገኝ አታውቅም። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ለብቻዋ መጽሐፍ አስደግፋ ሾርባ የምትጠጣ፣ አየቻትና በማንኪያዋ ጠቆመቻት። ‹‹ከምሰሶው ጀርባ ነው። እኔም ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል›› አለቻት በእንግሊዝኛ።

ባሕታዊ ሳሕን የት እንዳለ ምን ያውቃል ብዬ ለልጅቱ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ዓይነ አፋርነቴ ያዘኝ።

እናቴ ወረፋው ላይ ቆማ ሁለት ሳሕን ይዛ ተመለሰች። በሁለቱም ላይ የተጠበሰ የዶሮ እግር ነበር፤ ጎኑ ላይ ማካሮኒ ከነቢጫ አይቡ።

‹‹እማዬ›› አልኋት። ‹‹ዓርብ ነው።››

‹‹እማዬ፣ ዓርብ እኮ ነው›› አለች ገሊላም፣ በዝግታ። ‹‹የጽጌም ጾም ነው።››

‹‹ዐውቃለሁ። ቁጭ በይ።››

ሦስታችንም ተቀመጥን። እናቴ አማተበች። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ሐኪሙ ያዘዘላትን ወተት ዓርብ ነው ብላ የመለሰችው እናቴ፣ ዶሮውን በእጇ አነሣችና ገመጠች። አኘከች። ዋጠች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ዘይት አብረቀረቀ። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ አንድ ነገር ከላይ የሚወርድ መስሎኝ።

ሁለተኛውን ሳሕን ወደ ገሊላ ገፋችላት።

‹‹ብቻዬን መብላት አልችልም›› አለቻት። ‹‹አንቺም አትችዪም። እኔ ነኝ ያልገባኝ።››

ገሊላ ሳሕኑን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ መብላት ጀመረች፤ መጀመሪያ ማካሮኒውን፣ ቀጥሎ ዶሮውን፣ አጥንቱን እስክትግጥ ድረስ። እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ እየወረደ ሳሕኑ ላይ ይንጠባጠባል። የሠራችው ኃጢአት አስፈርቷት ነው ብዬ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ያዝሁላት።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ወደ ሾርባዋ ልጅ ዞረች። እኛ ቤት ሰው እያየ አይበላም፤ የእናቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ‹‹እንብላ›› የሚለውን ቃል አልያዘም። ስለዚህ ባዶውን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችው። እኔ አፍሬ ልሞት ደረስሁ። ልጅቱ መጽሐፏን አጥፋ፣ ሾርባዋን ይዛ መጣች። ስሟ ናዲያ ነበር፤ ከሜምፊስ ነው የመጣችው። ‹‹ከመጣሁ ጀምሮ ቁጭ በይ ያለኝ ሰው የለም›› አለች እየሳቀች። ገሊላ በናፕኪን አፍንጫዋን ጠረገችና፣ ‹‹እኔንም›› አለች። ሰኞ ዕለት ምሳ አብረው እንደበሉ እትዬ አጸደ ለእናቴ በስልክ ነገሯት። ከዚያ በኋላም በየቀኑ አንድ መልእክት ይልኩላት ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነበረው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ስልኳ ላይ አላጠፋችውም። ‹‹ዛሬም ገብታለች።››

እኔ ግን ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማውቀው እናቴ ጾም እንደሻረች፣ እኅቴንም እንዳስሻረች ነው። ቅዳሜን ሙሉ አላናገርኋትም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ቄስ ኃይለማርያም ዘንድ ቀረብሁ። መስቀል ተሳልሜ እግራቸው ሥር ቆምሁ። ከእሳቸው ጋር ለብቻዬ ስነጋገር የመጀመሪያዬ ነበር።

‹‹አባ፣ የምነግርዎ ነገር አለ›› አልሁ። ‹‹እናቴ ዓርብ ቀን ዶሮ በላች።››

የተቆጡ አልመሰሉም። መስቀሉን በጨርቁ መጠቅለል ጀምረው ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወሬ ሲጠብቅ እንደ ሰነበተ ሰው።

‹‹ገሊላስ?›› አሉኝ። ‹‹እሷስ በላች?››

‹‹በላች አባ። ጨርሳ በላች። አጥንቱን ሁሉ ጋጠችው።››

‹‹ተመስገን›› አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ‹‹ተመስገን ጌታዬ።››

እኔ ቅጣቱን ልሰማ ቆሜ ጠበቅሁ።